ደብዳቤ ይዞ ወደ ሳይት፤ ማኅተም ይዞ ወደ ቤት

ለመሆኑ የሥራ ልምምድ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን የምንጠይቀው የቃሉ ትርጉም ጠፍቶን አይደለም። ቃሉማ በየዓመቱ በትምህርት ክፍሎቻችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እናነበዋለን። የምንጠይቀው በቃሉና በነገሩ መካከል ያለው ርቀት እያደር ሰፍቶ፤ ዛሬ አንዱ ሌላውን ከማያውቅበት ደረጃ ስለ ደረሰ ነው።

እንደሚታወቀው የምሕንድስና ተማሪ በአራተኛው ዓመት ላይ አንድ መንፈቅ ሙሉ ከክፍል ወጥቶ በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ሥርዓተ ትምህርቱ ያዛል። ሐሳቡን የሚነቅፍ የለም፤ እኛም አንነቅፍም። አፈጻጸሙን ግን እንመልከት። የትምህርት ክፍሉ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ተማሪው የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የሥራ ልምምድ ማድረግ አለበት፤ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት። ይኸው ነው። ምን እንደሚማር፤ ከማን እንደሚማር፤ በስንት ሳምንት ምን መሥራት መቻል እንዳለበት፤ ከመወጣጫ ቢወድቅ ማን እንደሚያሳክመው፤ የታክሲውንና የምሳውን ማን እንደሚችል አንዲት ቃል የለበትም። ተማሪውም ይህን ወረቀት ይዞ ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ፤ ከመገናኛ እስከ ሳሪስ ከበር በር ይዞራል። አጎት ያለው በሳምንት ውስጥ ያገኛል፤ አጎት የሌለው መንፈቁ ከተጋመሰ በኋላ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚፈለግበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ወረቀቱን አስፈርሞና አስመትቶ መመለስ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኛ ዘንድ ወረቀቱ ብልጥ ሆኖ መንፈቁን ሙሉ ይዞን ይከርማል።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ሰባት ተማሪዎች በጎተራ አካባቢ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ በሚሠራበት አንድ ሳይት ነበርን። የተቋራጩን ስም አንጠራም፤ ይህን የምንጽፈው ከአንድ ቤት ጋር ጠብ ለማንሣት አይደለም፤ በቦሌም፣ በአያትም፣ በሃያ ሁለትም የነበሩ ጓደኞቻችን የነገሩን ከእኛው ጋር አንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። በሁለተኛውም ተቀመጥን። ሳይት ኢንጂነሩ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ከእኛ በሦስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ፤ ከጧት እስከ ማታ የክፍያ ሰርተፊኬት ሲያዘጋጅ፣ ከአማካሪው ጋር በስልክ ሲከራከር፣ ሲሚንቶ አለቀ ሲባል ሲሮጥ የሚውል ልጅ ነው። እርሱም በጊዜው እንደ እኛው ጥግ ይዞ ተለማምዶ እንደ ተመረቀ ሳይደብቅ ነግሮናል። ታዲያ ምን ያስተምረን? ሥራ ሲበዛበት የብረት ዝርዝር እንድንገለብጥለት፤ የሠራተኛ ስም እንድንቈጥርለት ይሰጠናል። ሁለቱ እኅቶቻችን ገና ከበሩ ሲገቡ «እናንተ እንኳ ከቢሮ አትውጡ፤ መወጣጫው ያዞራችኋል» ተባሉ። ቡና ማፍላቱ ግን አያዞርም ተብሎ ተሰጣቸው።

በዚያው ሳይት ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመጡ ሦስት ሠልጣኞችም ነበሩ። እነርሱ በተቃራኒው ውሏቸው ከፌሮ ሠራተኞች ጋር ነው። ስታፋ ያጥፋሉ፤ ብረት ያስራሉ፤ እጃቸው በሁለት ወር ውስጥ የሙያተኛ እጅ መስሏል። ወደ ቢሮ ገብተው ሥዕሉን እንዲያዩ ግን አይፈቀድላቸውም። የታችኛው ፎቅ ኮሎና ለምን ከላይኛው ይልቅ ብዙ ብረት እንደሚገባበት የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ «እንደ ታዘዝከው እሰር» ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! ለእነርሱ ሥዕሉ ክልክል ነው፤ ለእኛ ብረቱ ክልክል ነው። በአንድ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ግማሹ ዕውቀት በዚያ፤ ግማሹ ዕውቀት በዚህ ቆሞ አራት ወር ሲተያይ ከረመ።

በመሠረቱ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ አስተማሪ በሳይቱ ላይ ነበር፤ ማንም አስተማሪ ብሎ አልሾመውም እንጂ። ይኸውም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ፎርማን ናቸው። ከወሎ ለቀን ሥራ መጥተው፤ እዚያው ጎተራ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ብሎኬት በማቀበል ጀምረው፤ ከግንበኛ ረዳትነት ወደ ግንበኛነት፤ ከዚያም ወደ ካቦነትና ወደ ፎርማንነት የወጡ ሰው ናቸው። ሥዕል ማንበብ የተማሩት ማታ ማታ ከተጣለ ሥዕል ላይ ነው። አንድ ቀን ሶሌታ ሲሞላ በአጋጣሚ ከአጠገባቸው ቆምን። ከሠራተኞቹ አንዱ ማንም ሳያየው በቤቶኔራው ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ጨመረ። ጋሼ ከሃያ ሜትር ርቀት በድምፁ አወቁት። ወርደው መጡና አርማታውን በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርገው «ይኼ ሾርባ ነው፤ ይደፋ» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው፤ አርማታው ሲቀጥን ለሚያፈሰው ሠራተኛ እንደሚቀል፤ ለሚሸከመው ሕንፃ ግን እንደሚከብድ፤ ውሃው ሲተን ባዶውን ቦታ ትቶ እንደሚሄድ ነገሩን። እኛ ይህንኑ ነገር «የውሃና የሲሚንቶ ምጥጥን» በሚል ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት ተምረነዋል፤ ፈተናም ተፈትነንበታል። የተበላሸ አርማታ ምን እንደሚመስል፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ያየንና የሰማን ግን ያን ዕለት ነው። ጆንያ አርጥቦ ማልበስ፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት፤ በስታፋውና በእንጨቱ መካከል የምትገባው ትንሽ የሲሚንቶ ጠጠር ብትረሳ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ዝጎ አርማታውን እንደሚያፈነዳው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስረዱን። በማግሥቱ ወደ ቢሮ ተመለስን።

መንፈቁ ሲያልቅ የግምገማ ቅጹን የሞላው ማን ይመስላችኋል? በአራት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያየን የአስተዳደር ኃላፊ። ለሰባታችንም አንድ ዓይነት ነጥብ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጠን። ለጋሼ ስም የሚሆን መስመር በቅጹ ላይ የለም። እንግዲህ የሚያውቀው አይፈርምም፤ የሚፈርመው አያውቅም። የልምምዱ ሥርዓት በሙሉ የቆመው በዚህች ጠማማ ቱንቢ ላይ ነው።

ጎተራን ለምሳሌ ያነሣነው እዚያ ስለ ዋልን ብቻ አይደለም። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው ነው፤ ዛሬ ግን የተከማቸበት ነገር ኮንስትራክሽን ነው። ከማሳለጫው ሥር ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው የአገራችንን የሃያ ዓመት የግንባታ ታሪክ በአንድ እይታ ያያል። ማሳለጫውን የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ከዚያ ወደ ወሎ ሠፈር የሚወስደው መንገድም ስሙ የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ነው። አጠገቡ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፤ በ475 ሚሊዮን ዶላር፤ አብዛኛው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር፤ በቻይና የምድር ባቡር ኩባንያ እጅ ተሠርቶ ነው። ባቡሩ መልካም ሥራ ነበር፤ ሕዝቡም ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር መቆማቸውን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በጋዜጣ አንብበናል። ሐዲዱ በራሳችን ላይ ሲዘረጋ ከጎኑ የቆመ፤ ውል የፈረመ፤ ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት ጥገናውን የሚይዝ ለማጅ ትውልድ አብሮ ቢሠለጥን ኖሮ ነገሩ እንዲህ ይሆን ነበርን? ጥፋቱን ቻይኖች ላይ አንጥልም። እነርሱ የመጡት ሊሠሩ ነው፤ ሠርተዋል። «ስትሠሩ ይህን ያህል ልጅ አሠልጥናችሁ ትወጣላችሁ» ብሎ በውሉ ላይ መጻፍ የእኛ ሰዎች ድርሻ ነበር። ባለ 209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅም፤ በጉባ ከ2003 እስከ 2017 ዓ.ም. አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ አርማታ ሲፈስም ይኸው ጥያቄ አብሮ ቆሟል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ፈርሶ ሲሠራ፤ በመብራት ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ሲቆፈር፤ የውሃ መስመር ሲቀበር፤ የምሕንድስና ተማሪ ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የመቆፈሪያ ስሌት ከመጽሐፍ ይገለብጥ ነበር።

ከማሳለጫው አጠገብ ያለው ኮንዶሚኒየም ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ1997 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ብዙ ጉድለት አለበት፤ ስለ ጥራቱ ያልተነገረ የለም። ሆኖም ቤቶቹ የሚሠሩበት ዘዴ ከጀርመኖች ጋር የተጠና ርካሽ ዘዴ ነበር። ቢሙ በመሬት ላይ ተሠርቶ ይሰቀላል፤ በመካከሉ ብሎኬት ይደረደራል፤ ከላዩ ስስ አርማታ ይፈስሳል፤ ስለዚህም እንደ ሌላው ሶሌታ የባሕር ዛፍ ደን የሚያህል ድጋፍ አይፈልግም። ብሎኬቱን፣ ቢሙን፣ በርና መስኮቱን እንዲያቀርቡ የተደረገውም በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው ሙያውን የተማረው የት ነው? እዚያው ሥራው ላይ፤ እያበላሸ፣ እየፈረሰበት፣ እየተሰደበ፣ ደግሞ እየሠራ። ጋሼ ከዚያ የወጡ ናቸው። ዛሬ በየሳይቱ የምናገኛቸው ፎርማኖችና ካቦዎች ስንቶቹ ከዚያ እንደ ወጡ የሚያውቅ ያውቃል። ያ ፕሮግራም ሳይታወጅ የአገሪቱ ትልቁ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። የጎደለው ወረቀቱ ነው። እኛ ወረቀቱ አለን፤ የጎደለን ሌላው ነው። እነዚህን ሁለት ማገናኘት ይህን ያህል የሚያቅት ሥራ ነውን?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ እንዲህ ይሉናል፤ «ዩኒቨርሲቲ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት አይደለም፤ መሐንዲስ ያስባል፤ ግንበኛ ይገነባል»። አነጋገሩ ያምራል። ነገር ግን ሲመረመር ውስጡ ያለው ሐሳብ ሳይሆን አሮጌ ንቀት ነው። አገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን ስም እያወጣች ስትሳደብ የኖረች አገር ናት፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ አገር ስላጠፋ ነው። ከእርሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ፤ የአገሩን ልጆች ከሥራቸው አስገብተው ነው፤ መድፉ ብቻ ሳይሆን ሙያውም እንዲቀር። የባቡር ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፤ ስንቱ የድሬዳዋ ልጅ በባቡሩ ወርክሾፕ ከባለሙያ ሥር ሆኖ መካኒክና ባለ ብረት እንደ ሆነ የድሬ ሰው ይናገር። ስድቡ ዛሬ ልብሱን ቀይሯል። «ቀጥቃጭ» የሚል የለም፤ «የሌቨል ልጅ» የሚል ግን በግቢያችን ውስጥ ሞልቷል። ከጓደኞቻችን መካከል የሙያ ኮሌጅ ሠልጣኝ አጠገብ ምሳ መብላት የሚያሳፍራቸው አሉ፤ አይተናል። የማያስብ ግንበኛ እንዳለ ሁሉ አስቦ የማያውቅ መሐንዲስም አለ፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፤ የሁለተኛው ስሕተት ግን በልስን ተሸፍኖ ሰው እስኪገባበት ይቆያል።

በነገራችን ላይ ሰባና ሠላሳ የሚለው ቁጥር በአገራችን እጅግ የተወደደ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድም ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ ገባ። ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ደግሞ ሰባ በመቶው ሥልጠና በድርጅት፤ ሠላሳው በተቋም ይሁን ተባለ፤ ስሙም የትብብር ሥልጠና ተባለ። የመጀመሪያው ሰባ መማሪያ ክፍሎችን ሞላ፤ ወርክሾፖቹን ግን አልሞላም። ሁለተኛው ሰባ የሚያልፈው ድርጅቱ በፈቀደለት ቦታ ነው፤ የፈቀደለት ቦታ ደግሞ ምን እንደሚመስል በጎተራው ሳይት አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጣ። በፈተናው ላይ ጠብ የለንም፤ ሰነፍን ከጎበዝ ይለያል ይሉታል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ላይ ከአራቱ አንዱን መርጦ የሚያልፍ ሰው ውሃ ልክ ይዞ መቆም መቻሉን ማን ፈተነው? ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወንድማችን ስሙንና ዲግሪውን ለተቋራጭ ፈቃድ ማሳደሻ በኪራይ ሰጥቶ፤ ሳይቱን ሳያይ በወር የምትመጣለትን ጥቂት ብር እየጠበቀ ቤት ይቀመጣል። ይህ ምስጢር አይደለም፤ በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዎን፤ አገሪቱ መሐንዲሷን አስተምራ ስሙን ብቻ ታከራያለች!

ተቋራጮች ደግሞ ሌላ ነገር ይላሉ። «ተማሪ ጊዜ ይፈጅብናል፤ ዕቃ ያበላሽብናል፤ ቢጎዳ ዕዳው የእኛ ነው፤ ለዚህ ሁሉ የሚከፍለን ማነው?» ይላሉ። ይህ እውነት አለው፤ ስለዚህም በንቀት አናልፈውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከአንቀጽ 48 ጀምሮ ስለ ለማጅ የሚናገር ክፍል አለው። ለማጅና አሠሪ ውላቸውን በጽሑፍ ያደርጋሉ፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፤ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ክፍያ፤ የሥራው ሁኔታ በውሉ ይገለጻል፤ ሲጨርስም አሠሪው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሕጉ አለ ማለት ነው! አንዳንድ ሕግ አዋቂዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በትምህርት ላይ ያለ እንጂ ለማጅ አይደለም፤ ስለዚህ አይሸፈንም ይሉናል። እንግዲያውስ ይሸፈን። ልዩነቱ የቃል ከሆነ ቃሉን እንቀይር፤ ከነገ ጀምሮ ለማጅ በሉን፤ አንቀየምም።

ይህ ሕልም እንዳይመስል ወደ ውጭም እንመልከት። በጀርመን አገር ግንበኛ ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊሆን የሚፈልግ ወጣት አስቀድሞ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፤ በየወሩ ክፍያ ያገኛል፤ ከሳምንቱ አንድ ሁለቱን ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ የቀረውን በማስተማር ፈቃድ ካለው ባለሙያ ሥር ይሠራል። በመጨረሻ የሚፈትነው የቀጠረው ድርጅት ብቻ አይደለም፤ የሙያው ምክር ቤት ነው። ለመንግሥታችን ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ግድም ከጀርመኖች ጋር በተጀመረው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ብዙ ተብሎበታል። ቻይኖችም በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ውስጥ የሉባን ወርክሾፕ የሚባል ማሠልጠኛ ከፍተዋል። ሉባን ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ አናጢ ነው። እነርሱ ማሠልጠኛቸውን በአናጢ ስም ይጠራሉ። እኛም ብንሆን የቀላል ባቡሩ አንድ ጣቢያ «ተግባረ ዕድ» ይባላል፤ በ1942 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት ስም። ከዚያ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ልደታ ላይ ደግሞ ከስዊድኖች ጋር በ1954፤ በእነርሱው አቆጣጠር፤ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ አለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ የእጅ ይባላል፤ አንዱ የራስ ይባላል። የአንዱ ልጆችና የሌላው ልጆች በአንድ ሥዕልና በአንድ ብረት ላይ አብረው ቢመዘኑ ምን ይጎድላል?

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ ይቅር። በምትኩ ሦስት ወገን የሚፈርምበት ውል ይኑር፤ ዩኒቨርሲቲው፣ አሠሪውና ተማሪው። በውሉ ላይ የአንድ አስተማሪ ባለሙያ ስም ይጻፍ፤ ፎርማን ወይም ካቦ ይሁን፤ ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ይሁን፤ ዲግሪ ይኑረው አይኑረው አይጠየቅ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ራሱ ሙያውን የትም ይማር የት፤ ተመዝኖ ያለፈ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያገኛል ይላል፤ ስለዚህ ጋሼን ለመመዘንና ለመሾም አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ለሚያስተምሩበትም ይከፈላቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ለጉብኝት ብሎ ከሚያወጣው አበል ላይ ተቀንሶ ቢሆን እንኳ ይከፈላቸው። ከነጥቡም ግማሹን እርሳቸው ይስጡ። የሙያ ኮሌጁ ሠልጣኝና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመደቡ፤ ጧት አንድ ሰዓት በሥዕሉ ላይ፤ የቀረውን በብረቱና በአርማታው ላይ። የአደጋ ዋስትና ሳይገባለት ከመወጣጫ ላይ የሚወጣ ተማሪ አይኑር። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለን፤ በዚህች አገር ትልቁ አሠሪ መንግሥት ነው። መንገዱም፣ ሆስፒታሉም፣ ግድቡም በጨረታ ይሰጣል። በጨረታው ሰነድ ላይ ለሲሚንቶው ዓይነት፣ ለብረቱ ውፍረት፣ ለአጥሩ ቆርቆሮ ሳይቀር መስመር አለ። ለለማጅ አንድ መስመር ቢጨመርበት፤ ተቋራጩም ዋጋውን ሲሰጥ አስቦ ቢያስገባው፤ ማንም ማንንም አልበደለም።

ይህን ሁሉ ከላይ እስኪታዘዝ አንጠብቅም። የሁለተኛው መንፈቅ ደብዳቤዎች በየካቲት ይታተማሉ። እኛ የውሉን ረቂቅ አዘጋጅተን ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አስረክበናል፤ አንድ ገጽ ነው። የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ከጥር 20 ቀን በፊት መጥታችሁ አንብቡት፤ የሚጨመር ካለ ጨምሩበት፤ ማኅበሩም ለዲኑ ሲያቀርበው አብራችሁ ግቡ። ጋሼም ለጎተራው ሳይት ሻይ እረፍት ላይ አንብበውት አንድ መስመር ብቻ ሠርዘዋል፤ «ተማሪው ባሬላ አይሸከምም» የሚለውን።